ገዝቶ የማይሸጥ ገበያ፦ የእግር ኳሳችን የዝውውር ክረምት

ሐምሌ ሲገባ ሜዳው ዝናብ ይጠግባል፤ ኳሱ ግን አያርፍም። ከሜዳ ወደ ወሬ ይሸጋገራል። ማን ፈረመ? ማን ለቀቀ? የትኛው አጥቂ ከየትኛው ክለብ ጋር እየተደራደረ ነው? በጎንደር፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በአዲስ አበባ ካፌዎች ከዚህ የበለጠ ጉዳይ ያለ አይመስልም። ደጋፊው አዲሱ ተጫዋች መለያ ይዞ የተነሣውን ፎቶግራፍ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ የለቀቀውን ሲሰማ ይቆጫል፤ ተቀናቃኙ ያስፈረመውን ሲያይ ደግሞ ይሠጋል። ይህ ስሜት የእግር ኳስ ቅመም ነውና የሚነቀፍ አይደለም።

ሆኖም በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል የማይጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ፦ የለቀቀው ተጫዋች ሲሄድ ክለቡ ምን አገኘ? በአብዛኛው መልሱ “ምንም” የሚል ነው። ክለቦቻችን በየክረምቱ ለፊርማ ይከፍላሉ፤ በየክረምቱ ደግሞ ያስፈረሟቸውን በነጻ ይሸኛሉ። ገዝቶ የማይሸጥ ነጋዴ ካፒታሉን እንደሚጨርስ ሁሉ፣ ገዝቶ የማይሸጥ ክለብም በራሱ እግር መቆም አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ይኸው ነው፤ የሊጋችን የዝውውር ገበያ ዋና ሕመም የተጫዋቾች “ውድነት” ሳይሆን የውሎች ማጠር ነው። አጭር ውል ተጫዋቹን ከክለቡ፣ ክለቡን ከወደፊቱ፣ ደጋፊውንም ከቡድኑ ያለያያል።

በአንድ ክረምት የሚሠራ፣ በአንድ ክረምት የሚፈርስ

ያለፉትን ዓመታት የሻምፒዮኖች ዝርዝር እንመልከት። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር፣ በ2011 መቐለ 70 እንደርታ ዋንጫውን ወሰዱ። የ2012 ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሠ። 2014 እና 2015 የቅዱስ ጊዮርጊስ ነበሩ። በ2016 ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድን ባለድል ሆኑ። ፍጻሜ ባገኙ ሰባት የውድድር ዘመናት ስድስት የተለያዩ ሻምፒዮኖች ታይተዋል።

ይህን በበጎ ዓይን ማየት ይቻላል። አንድ ክለብ ብቻውን የማይገዛው ሊግ ለተመልካች ይጥማል። ከስድስቱ ሁለቱ፣ ማለትም ጅማ አባ ጅፋርና ንግድ ባንክ፣ ዋንጫውን ያነሡት ከታችኛው ሊግ ባደጉበት ዓመት መሆኑ ግን ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል። ለአሠልጣኞቹና ለተጫዋቾቹ የሚገባውን ክብር ሳንነፍግ፣ አዲስ ገቢ በአንድ ዓመት የሚነግሥበት ሊግ ነባሮቹ ክለቦች ከዓመት ዓመት ያጠራቀሙት ጥንካሬ እንደሌላቸው ይመሰክራል። ሁሉም በየሐምሌው ከሞላ ጎደል ከአንድ መነሻ ይጀምራል። ያን ክረምት ገንዘብ ያለውና በጥበብ የመረጠ ይቀድማል።

በአንድ ክረምት የተሠራው በሌላ ክረምት ይፈርሳል። ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን በሆነ በአራተኛው ዓመት፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከሊጉ ወረደ። ከእርሱ በፊት ደደቢት ነበር። በ2005 ዓ.ም. እነ ጌታነህ ከበደን አሰልፎ ሻምፒዮን የሆነው ደደቢት፣ የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች የሚመርጡት ክለብ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ግን ወደ ታች ወረደ። በጎንደር ደግሞ ዳሽን ቢራ በ2008 ዓ.ም. ከሊጉ ሲሰናበት የከተማዋን ስም በፕሪሚየር ሊጉ የማስጠራቱ ኃላፊነት በዚያው ዓመት ላደገው ለፋሲል ከነማ ተረፈ። እነዚህ ክለቦች የወረዱበት ምክንያት የየራሳቸው ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ግን አለ፤ የገንዘቡ ምንጭ ሲቀንስ ወይም ሲነጥፍ ሸጠው የሚተርፉበት ተጫዋች በእጃቸው አልነበረም።

በተቃራኒው ደግሞ ሌላ ምስክር አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. አራት ዋንጫዎችን በተከታታይ ወሰደ። የቡድኑ አጥንት ከዓመት ዓመት ብዙም ሳይናወጥ ቆየ። ፍሬውም በ2009 ዓ.ም. ታየ፤ ክለቡ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ድልድል ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። ከደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከቱኒዚያው ኤስፔራንስና ከኮንጎው ቪታ ክለብ ጋር በአንድ ምድብ ተጫወተ። አብሮ የቆየ ቡድን ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

የውሉ ዕድሜ የበጀቱን ዕድሜ ይመስላል

ውሎቻችን ለምን አጠሩ? “ተጫዋቾች ለገንዘብ ስለሚሯሯጡ” የሚለው መልስ በየካፌው ይሰማል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ከማለት ግን አያልፍም። ትክክለኛው ምክንያት ያለው ክለቦቹ ገንዘብ በሚያገኙበት መንገድ ውስጥ ነው።

ከጥቂቶች በስተቀር የሊጉ ክለቦች የከተማ አስተዳደሮች፣ የክልሎች ወይም የመንግሥት ድርጅቶች ናቸው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ያልቃል። የዝውውሩ ግርግርም ከዚሁ ጋር ተያይዞ በሐምሌ ይጦፋል። ክለቡን የሚመራው ሰው በእጁ ያለው የአንድ ዓመት በጀት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል እንደሚፈቀድለት፣ እርሱ ራሱም በወንበሩ ላይ መኖሩን አያውቅም። እንዲህ ያለ ኃላፊ ለአንድ ወጣት የአራት ዓመት ውል እንዲፈርም መጠበቅ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ያስፈርማል፤ ውጤቱንም በዚያው ዓመት ይጠብቃል። ቡድኑ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ መጀመሪያ የሚነሣው አሠልጣኙ ነው። አዲስ የሚመጣው ደግሞ “የራሴን ተጫዋቾች” ይላል፤ ዑደቱም ይቀጥላል።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተሰባስበው መካሄዳቸውም በዚህ ላይ ተጨምሯል። አሠራሩ ለቴሌቪዥን ሥርጭትና ለጸጥታ ያስገኘው ጥቅም አለ። ይሁን እንጂ ጎንደሬው በአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም ቡድኑን አይቶ ትኬት የሚገዛበት ዕድል ጠበበ። ከሜዳ መግቢያ የሚገኝ ገቢ ሲደርቅ ክለቡ ይበልጥ የበጀት ጥገኛ ይሆናል። ጥገኝነቱ ሲጨምርም አርቆ ማሰቡ ይቀንሳል።

የስድስት ወር ባለቤትነት

አሁን የዓለም አቀፉን ሕግ እንመልከት። የፊፋ የተጫዋቾች ደረጃና ዝውውር ደንብ ለአንድ ተጫዋች እስከ አምስት ዓመት፣ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት የሚዘልቅ ውል ይፈቅዳል። ከዚሁ ጋር አንድ ወሳኝ ድንጋጌ አለ፤ ውሉ ሊያበቃ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር በነጻነት መፈራረም ይችላል።

ይህን በእኛ አቆጣጠር እናስላው። በሐምሌ የአንድ ዓመት ውል የፈረመ ተጫዋች፣ ሊጉ ጥቅምት አካባቢ ተጀምሮ ጥር ላይ ሲደርስ ከፈለገው ክለብ ጋር መነጋገር ይፈቀድለታል። የአንድ ዓመት ውል ማለት እንግዲህ በተግባር የስድስት ወር ባለቤትነት ማለት ነው። ክለቡ ለፊርማ ያወጣው ገንዘብ ገና ፍሬ ሳያፈራ ተጫዋቹ በልቡ መንገድ ጀምሯል። በሁለት ዓመት ውልም ቢሆን ክለቡ ለመሸጥ ያለው ጊዜ አንድ ክረምት ብቻ ነው። ያን ካሳለፈ ተጫዋቹን በነጻ ይሸኛል።

አውሮፓውያን ይህን ትምህርት የተማሩት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጂየማዊው ዣን ማርክ ቦስማን ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ምንም የዝውውር ክፍያ መሄድ እንደሚችል ወሰነ። ክለቦች መጀመሪያ ደነገጡ፤ ከዚያ መልሱን አገኙ። የሚፈልጉትን ተጫዋች ውል ገና ሁለትና ሦስት ዓመት ሲቀረው ያድሱ ጀመር። ለማደስ ፈቃደኛ ያልሆነውን ደግሞ ጊዜው ሳያልፍ ይሸጡታል። ዛሬ የምንሰማቸው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዝውውሮች ዋጋቸውን የሚያገኙት በሚቀረው የውል ዘመን ነው።

ከለንደን እስከ ጋና

የእኛ ደጋፊ የእንግሊዝን ዝውውር ከራሱ ሊግ አስበልጦ ያውቃል፤ ስለዚህ ከሚያውቀው እንነሣ። እ.ኤ.አ. በ2023 ክረምት ዌስት ሃም ዩናይትድ አምበሉን ዴክላን ራይስን ለከተማው ተቀናቃኝ ለአርሰናል ሸጠ። ዋጋው ከተጨማሪ ክፍያዎች ጋር 105 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ራይስ ከሳምንታት በፊት ለክለቡ የአውሮፓ ኮንፈረንስ ሊግ ዋንጫን ያነሣ ተጫዋች ነበር። ደጋፊው አዘነ፤ ክለቡ ግን ባዶ እጁን አልቀረም።

ዌስት ሃም በዚያው ክረምት ቡድኑን ሲያድስ ካስፈረማቸው አንዱ ጋናዊው ሞሐመድ ኩዱስ ነበር። ኩዱስን የሸጠው የሆላንዱ አያክስ ነው። አያክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ተጫዋቹን ከዴንማርኩ ኖርድሼላንድ ገዝቶት ነበር። ኖርድሼላንድ ኩዱስን ያገኘው በጋና ካለው “ራይት ቱ ድሪም” አካዳሚ ነው፤ ክለቡን የገዛውም ይኸው አካዳሚ የመሠረተው ድርጅት ነው። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2025 ኩዱስ ወደ ቶተንሃም አመራ። በእያንዳንዱ ማረፊያ ላይ የሸጠው ክለብ ተጠቅሟል፤ የገዛውም ለመሸጥ እንዲችል ሆኖ ገዝቷል። ከለንደን የተነሣው ገንዘብ በአምስተርዳምና በዴንማርክ አድርጎ ኳስን በጋና ላስተማረው ተቋም ተረፈ።

ሴኔጋልም ሌላ ትምህርት ናት። ሳዲዮ ማኔ የወጣው “ጄኔራሲዮን ፉት” ከተባለ የዳካር አካዳሚ ነው። አካዳሚው ከፈረንሳዩ ሜስ ጋር ለረጅም ጊዜ የዘለቀ ትብብር አለው። ማኔ ወደ ሜስ፣ ከዚያ ወደ ሳልዝበርግ፣ ወደ ሳውዝሃምፕተንና ወደ ሊቨርፑል ተጓዘ። ኢስማይላ ሳርና ፓፕ ማታር ሳርም በዚያው በር አልፈዋል። የሴኔጋል ክለቦች ከእኛ ክለቦች በእጅጉ የበለጠ በጀት ስላላቸው አይደለም። ተጫዋችን እንደ ሀብት መቁጠርን ስላወቁበት እንጂ።

ያላሳደጉት ልጅ ድርሻ አያመጣም

በዚህ ላይ ብዙዎቻችን ልብ የማንለው የፊፋ ድንጋጌ አለ። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር፣ ከዝውውር ክፍያው ላይ 5 በመቶው ተጫዋቹ ከ12ኛ እስከ 23ኛ ዓመት ልደቱ ባሉት ዘመናት ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላሉት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላሉት ደግሞ ለእያንዳንዱ 0.5 በመቶ ይታሰባል።

ስሌቱን በምሳሌ እናስቀምጠው። አንድ ልጅ ከ12 እስከ 15 ዓመቱ በጎንደር የታዳጊ ፕሮጀክት ውስጥ ሠለጠነ እንበል። ከዚያ በክልሉ ክለብ ውስጥ እስከ 20 ዓመቱ ቆየ። ኋላ ውጭ አገር ሄዶ በ1 ሚሊዮን ዶላር ከአንድ አገር ወደ ሌላ ቢዛወር፣ ፕሮጀክቱ የክለብነት ምዝገባ ካለው 10 ሺህ ዶላር፣ ክለቡ ደግሞ 25 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። ተጫዋቹ በድጋሚ ሲሸጥ ክፍያው እንደገና ይታሰባል። ለአንድ የታዳጊ ፕሮጀክት 10 ሺህ ዶላር ማለት የስንት ዓመት ኳስና ጫማ እንደሆነ አሠልጣኞቹ ያውቁታል።

ይህ ገንዘብ እንዲመጣ ሁለት ነገሮች ይፈለጋሉ። አንደኛው ልጁ በትክክለኛ ዕድሜውና በትክክለኛ ስሙ ከ12 ዓመቱ ጀምሮ በፌዴሬሽኑ መዝገብ ላይ መስፈሩ ነው። ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ይህን ክፍያ የሚያከፋፍልበት የሒሳብ ማወራረጃ ተቋም ሥራ ጀምሯል፤ ተቋሙ የሚያምነው የተመዘገበውን የተጫዋች ታሪክ ብቻ ነው። ዕድሜው የተቀነሰለት ወይም በመዝገብ የማይታወቅ ልጅ ላሳደገው ሰፈር ሳንቲም አያመጣም። ሁለተኛው ነገር እንደገና ውል ነው። ተጫዋቹ በነጻ ከሄደ የዝውውር ክፍያ የለም፤ ክፍያ ከሌለም መቶኛ የለም። አጭር ውል የሚጎዳው የመጨረሻውን ክለብ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ከታች ያለውን ሰንሰለት በሙሉ ይበጥሳል።

በእኛው ሊግ የታየ ጭላንጭል

ጨለማው ሙሉ አይደለም። ኢትዮጵያ ቡና በአቡበከር ናስር ጉዳይ ያሳየው አካሄድ ሌሎች ሊያጠኑት የሚገባ ነው። አቡበከር በ2013 ዓ.ም. 29 ግቦችን አስቆጥሮ የሊጉን የአንድ ዘመን የግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። ቡና ልጁን ከወጣትነቱ ጀምሮ ይዞት ነበርና የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲፈልገው የተነጋገረው ከክለቡ ጋር ነው። ስምምነቱ በ2014 ዓ.ም. አጋማሽ ይፋ ሆኖ፣ ተጫዋቹ የውድድር ዘመኑን በቡና ጨርሶ ተጓዘ። ጉዳት የደቡብ አፍሪካ ቆይታውን ቢፈትነውም፣ የዝውውሩ አካሄድ ግን አርዓያ ነው። ገዢ ክለብ የሻጭን ክለብ በር አንኳኩቶ፣ ተስማምቶ፣ ጊዜ ሰጥቶ ወሰደ።

በክልላችንም ተሰጥኦው አልጠፋም። ሙጂብ ቃሲም ከፋሲል ከነማ የሻምፒዮንነት ዘመን በኋላ ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ አቀና፤ ቆይታው ግን አጭር ሆነ። ሱራፌል ዳኛቸው ከጎንደር ተነሥቶ በአሜሪካ ሁለተኛ እርከን ሊግ ለሚጫወተው ላውደን ዩናይትድ ፈረመ። ከእነርሱ ቀደም ብሎም ሽመልስ በቀለ በግብፅ ሊግ ለዓመታት ቆይቶ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ውጭ ወጥቶ መጽናት እንደሚችል አሳይቷል። ከዚህ ሜዳ የሚወጣ ልጅ ፈላጊ አለው። የሚቀረው የክለቦቻችን ዝግጁነት ነው።

“ከሃዲ” የሚለው ቃል

የተቀናቃኝነት ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። የፋሲል ከነማ አምበል ሆኖ የ2013ቱን ዋንጫ ያነሣው ተከላካይ ያሬድ ባየህ፣ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ወደ ባሕር ዳር ከተማ ተዛወረ። ጎንደር ላይ ቅሬታው ብዙ ነበር፤ ባሕር ዳር ላይ ደስታው ብዙ ነበር። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ባሕር ዳር ከተማ ሁለተኛ ሆኖ ጨርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአፍሪካ መድረክ በቃ፤ በኮንፌዴሬሽን ዋንጫም የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጥሎ አለፈ። ፋሲል ደግሞ በ2011 በአንድ ነጥብ ተበልጦ፣ በ2014ም እስከ መጨረሻው ተናንቆ ሁለተኛ የሆነ ክለብ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የነበረው ፍጥነቱ ቀነሰ።

እንዲህ ባለ ጊዜ “ከሃዲ” የሚለው ቃል ቶሎ ከአፍ ይወጣል። ቃሉ ግን ቦታውን የሳተ ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች የሥራ ዘመን ከአሥራ አምስት ዓመት እምብዛም አያልፍም፤ አንድ የጉልበት ጉዳት ግማሹን ሊወስደው ይችላል። ውሉ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት የሚያልቅ፣ ደመወዙም አንዳንዴ ለወራት የሚዘገይ ሰው የተሻለ ቦታ ቢፈልግ የሚፈረድበት አይደለም። ለክለቡ መታመን ያለበት ተጫዋቹ ብቻ ከሆነ ያ ታማኝነት ጎዶሎ ነው። አስቀድሞ ለተጫዋቹ መታመን ያለበት ክለቡ ነው፤ በረጅም ውል፣ በወቅቱ በሚከፈል ደመወዝ፣ በሕክምና ዋስትና።

ለተቀናቃኝ ክለብ ደጋፊዎችም አንድ ቃል። ጎረቤት ክለብን አራቁቶ መጠናከር የአንድ ሰሞን ደስታ ነው። ዛሬ በነጻ የመጣው ኮከብ በሚቀጥለው ሐምሌ በነጻ ይሄዳል። ጎንደር ባሕር ዳርን፣ ባሕር ዳር ጎንደርን ያለ ክፍያ ሲያራቁቱ፣ ከሁለቱም ኪስ የወጣው የፊርማ ገንዘብ የሕዝብ ገንዘብ ነው። ያው ገንዘብ የዝውውር ክፍያ ሆኖ በክለቦቹ መካከል ቢዘዋወር ኖሮ አንዱ ሲያጣ ሌላው ያገኝ ነበር፤ ሀብቱም ከክልሉ እግር ኳስ አይወጣም ነበር።

ጣሪያው ያልፈታው ችግር

በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ዓላማው በጎ ነበር፤ የሕዝብ ገንዘብ ለቁጥጥር በማይመች መንገድ እየፈሰሰ ነበርና። የደመወዝ ጣሪያ ግን የሕመሙን ምልክት እንጂ ሕመሙን አይነካም። በደመወዝ መዝገብ ላይ ጣሪያ ቢቀመጥ ክፍያው ሌላ ስም ይዞ በጓሮ ሊገባ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጣሪያው ክለቡ ተጫዋቹን ለስንት ዓመት እንደያዘው አይጠይቅም። 40 ሺህ ብር የሚከፈለውና በዓመቱ በነጻ የሚሄድ ተጫዋች፣ 80 ሺህ ተከፍሎት በሦስተኛው ዓመት በጥሩ ዋጋ ከሚሸጠው ይልቅ ለክለቡ ውድ ነው።

ቁጥጥሩ በሌላ በኩል ቢገባ ይሻላል። ክለቦች በጀት ሲጠይቁ የሚያቀርቡት ሰነድ ከሚያስፈርሙት ስም ዝርዝር በላይ መሆን አለበት። ከተጫዋቾቻቸው ስንቱ ከሁለት ዓመት በላይ ውል አለው? ስንቱስ ከራሳቸው ታዳጊና ተስፋ ቡድን አደገ? ያልተከፈለ ደመወዝ አለባቸው? በፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማቋረጥ ይችላል። ደመወዝ የማይከፍል ክለብ ረጅም ውል ቢያስፈርምም ባዶ ወረቀት እንደያዘ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለቱ ነገሮች አብረው ካልሄዱ መፍትሔ የለም።

“የከተማ አስተዳደር በጀቱ የዓመት ነው፤ እንዴት የአራት ዓመት ግዴታ ይገባል?” የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ይኸው አስተዳደር ከአንድ በጀት ዓመት በላይ የሚዘልቅ የመንገድና የውኃ ግንባታ ውል ይፈርማል። በየዓመቱ የሚከፈለውን በየዓመቱ በጀት ይይዛል። ለአስፋልት የተቻለ አሠራር ለአሥር ወጣት ተጫዋቾች የማይቻልበት ምክንያት የለም። ሁሉንም ተጫዋች በረጅም ውል ማሰር አያስፈልግም፤ አደጋም አለው። ከ23 ዓመት በታች ያሉትንና ተስፋ የሚጣልባቸውን መርጦ መያዝ በቂ ጅምር ነው። ለሠላሳ ሁለት ዓመት ተጫዋች የአንድ ዓመት ውል ተገቢ ነው፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን የአንድ ዓመት ውል ዘር በልቶ ክረምትን እንደ መጠበቅ ነው።

ደጋፊው ምን ይጠይቅ?

የእግር ኳስ መሪዎች የሚሰሙት ደጋፊው የጠየቀውን ነው። እስከ ዛሬ የጠየቅነው “ማንን አስፈረማችሁ?” ብቻ ስለሆነ፣ የሚሰጠን መልስ በየክረምቱ አዳዲስ ስሞች ናቸው። አሥራ አምስት ተጫዋች አስፈርሞ አሥራ አምስቱን ያሰናበተ ክለብ በፎቶግራፍ ብዛት የጠነከረ ይመስላል፤ ጥቅምት ላይ ግን ተጫዋቾቹ ገና በስም እየተዋወቁ ይገኛሉ።

በመጪው የዝውውር መስኮት ደጋፊ ማኅበራት ለክለቦቻቸው ሦስት ቀላል ጥያቄዎችን ቢያቀርቡ ብዙ ነገር ይለወጣል። አዲስ የፈረመው ተጫዋች ውል መቼ ያበቃል? ባለፈው ዓመት ጎልተው ከታዩት ወጣቶች የስንቱ ውል ታደሰ? ከለቀቁት ውስጥ ክለቡ ክፍያ ያገኘበት አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ከአንድ ስም ማስታወቂያ ያነሰ ሞቅታ አላቸው። ክለቡ ከአምስት ዓመት በኋላ በሊጉ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚወስኑት ግን እነርሱ ናቸው። ጅማና ደደቢት ዋንጫ ባነሡበት ቀን ይህን የጠየቃቸው ብዙ ሰው አልነበረም።